አድራሻ የሌለው ኩሽና፦ የምግብ መኪና ፈቃድና ፍተሻ ለምን ይህን ያህል ይበዛል?

የጤና ተቆጣጣሪ ወደ አንድ የምግብ መኪና ስትገባ ቀድማ የምታየው ምድጃውን አይደለም። ጥግ ላይ ወዳለችው ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ትሄዳለች። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ትከፍትና ቴርሞሜትሯን ከሥሩ ይዛ ትጠብቃለች። ሳሙና አለ? የወረቀት ፎጣስ? መታጠቢያው ውስጥ የተቀመጠ ሳህን ወይም ጨርቅ ካገኘች እዚያው ትመዘግባለች፤ መታጠቢያው የዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ እጅ የሚታጠብ ሰው የለም ማለት ነው። ከዚያ ወርዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ያሉትን ሁለት ታንከሮች ታያለች፤ ንጹሕ ውሃ የሚሞላበትንና እጣቢ የሚጠራቀምበትን። የእጣቢው ታንከር ከንጹሑ መብለጥ አለበት። ምግቡን አትቀምስም።

ፉድ ትራክ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከአንድ ስሌት ነው፤ ቤት ኪራይ የሌለበት ምግብ ቤት። ስሌቱ ስህተት አይደለም። ግን ኪራዩን ያስቀረለት ነገር ራሱ ወረቀቱን ያበዛበታል። ቋሚ ምግብ ቤት አንድ አድራሻ አለው። ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መብራቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ግብሩ፣ የእሳት አደጋ መውጫው ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ተመዝግቧል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በሩ የት እንዳለ ያውቃል። መኪናው ግን ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ሰፈር፣ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ከተማ። የምግብ ሕግ፣ የእሳት ሕግና የንግድ ሕግ የተጻፉት ቤት ታስቦ ነው። ስለዚህ ከምግብ መኪና የሚጠየቀውን ወረቀት አንድ በአንድ ብታዩት፣ አብዛኛው አድራሻ ለሌለው ነገር አድራሻ ለመፍጠር የሚደረግ ሙከራ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እዚህ ግን ከጥሩው ይልቅ የእጣቢው ጉዳይ ይከብዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚያወጣው የምግብ ኮድ የእጣቢው ታንከር ከንጹሕ ውሃው ታንከር በ15 በመቶ እንዲበልጥ፣ ወለሉም ወደ መውጫው እንዲያዘቀዝቅና የመውጫው የውስጥ ስፋት ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። 15 በመቶዋ ከየት መጣች ቢባል፣ ወደ ሲንክ የሚወርደው ከታንከሩ የወጣው ውሃ ብቻ አይደለም። የቀለጠ በረዶ አለ፣ የምግብ ፈሳሽ አለ፣ ሳሙና አለ። ሁለቱ ታንከሮች እኩል ቢሆኑ ቀኑ ሳይመሽ እጣቢው ሞልቶ ወይ ወደ ሲንኩ ይመለሳል፣ ወይ መንገድ ላይ ይፈሳል። መንገድ ላይ የፈሰሰ ቅባታም ውሃ ደግሞ በዝናብ መውረጃ ቱቦ ገብቶ፣ በብዙ ከተሞች ሳይጣራ፣ ወንዝ ይገባል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በምግብ መኪና ጉዳይ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

በተለመደው አሠራር ዕቃ የሚታጠብበት ሲንክ ባለ 3 ክፍል ነው፦ ማጠቢያ፣ ማለቅለቂያ፣ ጀርም ማጥፊያ። የእጅ መታጠቢያው ከነዚህ ሁሉ የተለየ መሆን አለበት። ጠባብ መኪና ውስጥ አራት ጎድጓዳ ማስቀመጥ የቅንጦት ይመስላል፤ ባለቤቶችም አዘውትረው የሚያጉረመርሙበት ነው። እኔ ግን በዚህኛው ከተቆጣጣሪዎቹ ጎን ነኝ። ከምግብ ጋር ተያይዞ ሰውን በብዛት ከሚያሳምሙት ቫይረሶች ዋነኛው ኖሮቫይረስ የሚተላለፈው በአመዛኙ ባልታጠበ እጅ ነው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ደግሞ በዚህ ቫይረስ ላይ እምብዛም አይሠራም። ገንዘብ ተቀብሎ፣ የመኪና በር ከፍቶ፣ የጋዝ ሲሊንደር ነክቶ ወደ ምግብ ለሚመለስ እጅ ከውሃና ከሳሙና ሌላ መፍትሔ የለውም።

ታንከሩ የሚሞላበትና የሚደፋበት ቦታ ሌላ ፈቃድ ይዞ ይመጣል። በአሜሪካ አሠራር ይህ ቦታ ኮሚሳሪ ይባላል። ራሱ ፈቃድ ያለው ኩሽና ሲሆን መኪናው በየቀኑ ወይም በተወሰነ ጊዜ እየተመለሰ ውሃ ይሞላበታል፣ እጣቢ ይደፋበታል፣ ይታጠብበታል፣ ጥሬ ዕቃ ያስቀምጥበታል። ብዙ የጤና ቢሮዎች ከኮሚሳሪው ባለቤት ጋር የተፈረመ ውል ሳያዩ ማመልከቻ አይቀበሉም፤ የመኖሪያ ቤት ኩሽናም በአብዛኛው አይቀበሉም። መኪናው የሌለው አድራሻ በኮሚሳሪው በኩል ተሰጠው ማለት ነው። በእንግሊዝ መንገዱ ይለያል። ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 28 ቀን አስቀድሞ በአካባቢው ምክር ቤት መመዝገብ ይበቃል፤ ምዝገባውም ክፍያ የለውም። የትኛው ምክር ቤት ለሚለው መልሱ መኪናው ሌሊት የሚያድርበት አካባቢ ነው። ተንቀሳቃሹን ነገር የሚይዙት በማደሪያው ነው።

በአውሮፓ ኅብረትም ደንብ ቁጥር 852/2004 ስለ ተንቀሳቃሽ የምግብ ቦታ ለብቻው የተመደበ ምዕራፍ አለው። እዚያ ውስጥ በመቶኛ የተቀመጠ የታንከር መጠን አታገኙም። «ተግባራዊ በሆነ መጠን» የሚል መንፈስ ያላቸው መርሆች ናቸው። ለሕግ ባለሙያ ይህ ውበት ሊሆን ይችላል። ለትንሽ ነጋዴ ግን 15 በመቶ የሚል ደረቅ ቁጥር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቁጥር በሜትር ይለካል፣ «ተግባራዊ» የሚለው ቃል ግን የሚለካው በዕለቱ ተቆጣጣሪ ፊት ነው።

ሜኑው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም

ከቋሚ ምግብ ቤት ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችም የሚሳሳቱት እዚሁ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው «ለምግብ መኪና» በጥቅሉ አይደለም። ለዚህ ሜኑ፣ በዚህ መኪና፣ በዚህ አሠራር ነው። ታሽጎ የመጣ ምግብ ብቻ የሚሸጥ መኪና አንድ ደረጃ ነው፤ የበሰለ አሙቆ የሚያቀርብ ሌላ ደረጃ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ይዞ ከዜሮ የሚያበስል ደግሞ ከሁሉም ከባዱ። አንድ አዲስ ምግብ ሜኑው ላይ መጨመር መኪናውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል፤ ያኔ ተጨማሪ ፍሪጅ፣ ተጨማሪ ሲንክ፣ አንዳንዴም አዲስ የፕላን ግምገማ (የመኪናው ንድፍ በጤና ቢሮው እንደገና መታየት) ይጠየቃል።

ምክንያቱ የሙቀት ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የምግብ ኮድ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ወይ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ወይ ከ57 በላይ እንዲቆይ ያዛል፤ በመካከል ያለው ባክቴሪያ የሚራባበት ክልል ነው። በእንግሊዝ ቁጥሮቹ 8 እና 63 ናቸው። የበሰለን ምግብ አቀዝቅዞ ለነገ ማቆየት ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ከ57 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ በድምሩ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ መውረድ አለበት። በሕንጻ ውስጥ ያለ ትልቅ ፍሪጅ ይህን ያደርገዋል። ትኩስ ምድጃ አጠገቡ ያለ፣ በሩ በየደቂቃው የሚከፈት፣ ከጀነሬተር የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ግን ትኩስ ድስት ሲገባበት የራሱንም ቅዝቃዜ ያጣል። ለዚህ ነው ብዙ ቢሮዎች በመኪናው ላይ ምግብ ማቀዝቀዝን ጭራሽ የሚከለክሉት፤ የተረፈው ይጣላል ወይም ሥራው በኮሚሳሪው ይሠራል።

ተቆጣጣሪዋ «ቴርሞሜትራችሁን አሳዩኝ» ስትል መኖሩን ብቻ ለማየት አይደለም። አንድ ብርጭቆ በረዶና ውሃ አስቀርባ ትነክረዋለች። 0 ዲግሪ ማንበብ አለበት። 4 ካነበበ፣ ባለቤቱ ለወራት በቅንነት የመዘገበው የሙቀት መዝገብ በሙሉ ስህተት ነበር ማለት ነው። ፍሪጁ ጠዋት ላይ ስንት እንደሆነ ትመለከታለች፤ ከዚያም መኪናው ሲጓዝ ፍሪጁ በምን ኃይል እንደሚሠራ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው የሚንተባተበው ይህች ጥያቄ ጋ ነው። መኪናው ቆሞ ጀነሬተሩ ሲሠራ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ከኮሚሳሪው እስከ መሸጫው ባለው የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ግን ፍሪጁ ጠፍቶ የሚጓዝ መኪና አለ።

ጋዙ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2014 በፊላደልፊያ ከተማ አንድ የምግብ መኪና ላይ የነበረ የፕሮፔን ሲሊንደር ጋዝ አፍስሶ ፈነዳ። መኪናው ውስጥ ይሠሩ የነበሩ እናትና ልጅ ሕይወታቸው አለፈ፤ መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎችም ተቃጠሉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእሳት ደንቦቹ የምግብ መኪናን እንደ ራሱ ነገር አያዩትም ነበር፤ ወይ ተሽከርካሪ ነው፣ ወይ ኩሽና። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነገሩ ተቀየረ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የኩሽና ጭስ ማስወገጃን የሚመለከተው ደንቡ (ቁጥር 96) በ2017 እትሙ ለተንቀሳቃሽ ማብሰያዎች የተለየ አባሪ ጨመረ፤ ዓለም አቀፉ የእሳት ኮድም በ2018 እትሙ ለምግብ ማዘጋጃ ተሽከርካሪዎች የራሳቸውን ክፍል ሰጣቸው። በዚያ ክፍል መሠረት መኪናው ላይ የሚጫነው የፕሮፔን ሲሊንደር ጠቅላላ አቅም ከ91 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም።

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ የጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ጌጥ ነው፤ ከወለሉ አጠገብ መሆን አለበት። የሲሊንደር ሳጥኑም ከታች ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ወደ መኪናው ውስጥ የሚከፈት በር ግን ሊኖረው አይገባም። የእሳት አደጋ ፈታሹ በትንሽ ጠርሙስ የሳሙና ውሃ ይዞ መገጣጠሚያዎቹን ይቀባል። አረፋ ከነፋ ፍተሻው እዚያው አለቀ። ሲሊንደሩ አንገት ላይ የታተመውን ቀን ያነባል፤ ሲሊንደር በየተወሰኑ ዓመታት ዳግም ካልተፈተሸ ሊሞላም አይገባም። ሰንሰለቱን ይጎትታል፤ መኪና ኮረኮንች ላይ ሲጓዝ ያልታሰረ ሲሊንደር ይንከባለላል።

ከጋዙ ሌላ ዘይቱ አለ። ጥብስና ዘይት ያለበት መኪና ከምድጃው በላይ የጭስ መሳቢያና ራሱን በራሱ የሚያስነሳ የእሳት ማጥፊያ ሲስተም እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ይህም በሠለጠነ ባለሙያ በየ6 ወሩ ታይቶ ቀኑ የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠልበታል። ከዚህ በተጨማሪ ለተቃጠለ ዘይት የሚሆነው ክላስ ኬ የሚባለው የእጅ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ተራው የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ይጥለዋል እንጂ ዘይቱን አያቀዘቅዘውም፤ ከደቂቃ በኋላ መልሶ ይያያዛል። የጀነሬተሩን ጭስ አቅጣጫና የኤሌክትሪክ ገመዱን ነገር ፈታሹ በፍጥነት ያልፈዋል፤ ስህተቱ ከሩቅ ይታያልና።

ማን ቦታ ይሰጣል?

እስካሁን ያነሳናቸው ሁሉ ከባድ ቢሆኑም ምክንያታቸው ይገባል። ሰው እንዳይታመም፣ ሰው እንዳይቃጠል ነው። ነገሩ የሚበላሸው የቦታ ፈቃድ ላይ ሲደረስ ነው፤ እዚያ ሰውን ከበሽታ መጠበቅና ነባር ነጋዴን ከተፎካካሪ መጠበቅ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋሉ።

ለምሳሌ የካሊፎርኒያ የምግብ ሕግ መኪናው ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆመ ሠራተኞቹ ሊጠቀሙበት የሚችሉ የተፈቀደ መጸዳጃ ቤት በ200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) ውስጥ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህ የእጅ ንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ከመጀመሪያው ሲንክ ጋር አንድ ሐረግ ላይ ያለ። በቺካጎም 200 ጫማ የሚል ደንብ አለ፤ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። የምግብ መኪና ከቋሚ ምግብ ቤት በር በ200 ጫማ ውስጥ መቆም አይችልም፤ ያለበትን የሚያሳይ የጂፒኤስ መሣሪያም መግጠም ግዴታው ነው። አንድ የምግብ መኪና ባለቤት ደንቡን በፍርድ ቤት ተከራክራ ነበር፤ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ለከተማዋ ፈረደ። ቋሚ ምግብ ቤቶች ለሰፈሩ መረጋጋት የሚያበረክቱትን ከተማዋ ከግምት ማስገባቷ ተገቢ ነው የሚል መንፈስ ያለው ውሳኔ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ርቀቱ አንድ፣ ዓላማው ግን ሰማይና ምድር።

ኒው ዮርክ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ምግብ ፈቃዶችን ቁጥር ወደ 3,000 አካባቢ ገደበች። ፈላጊው ሲበዛ ፈቃዱ እንዳለ ቆመ፤ ውጤቱም የሚጠበቅ ነበር። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከጎዳናው ጠፍተው ፈቃዱን በድብቅ ማከራየት ጀመሩ፤ ምድጃ ፊት የሚቆመው ሌላ ሰው ሆነ። በ2021 የወጣው ሕግ አዳዲስ ፈቃዶች በየዓመቱ በጥቂቱ እንዲጨመሩ፣ የአዲሱ ፈቃድ ባለቤትም በሥራው ቦታ በአካል እንዲገኝ ያስገድዳል። የፍተሻ አንዱ ትልቅ ጥቅም ተጠያቂውን ሰው ማወቅ ነው፤ ፈቃዱ በኪራይ ሲዞር ተቆጣጣሪዋ የምትጽፈው ስም የማንም አይደለም።

የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በ20 ከተሞች ባደረገው ጥናት፣ አንድ የምግብ መኪና ለመጀመርና ለአንድ ዓመት ለማቆየት በአማካይ 45 የተለያዩ የመንግሥት ሂደቶችና 37 የሥራ ቀናት እንደሚያስፈልጉ አግኝቷል። ፖርትላንድ ቀላሏ፣ ቦስተን አስቸጋሪዋ ሆነው ተመዘገቡ። ንግድ ምክር ቤት ደንብ ይቀነስ ማለቱ አይገርምም፤ ቁጥሩን በዚያ ልክ ማንበብ ይገባል። ቢሆንም ፕሮፔን በፖርትላንድም በቦስተንም ከአየር ይከብዳል፣ ባክቴሪያውም በሁለቱም ከተሞች በአንድ ሙቀት ይራባል። በከተሞቹ መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት ምግብና እሳት ብቻቸውን ሊያስረዱት አይችሉም።

ሌላው የአድራሻ ጣጣ የከተማ ወሰን ነው። በአንዱ ከተማ የተሰጠ የጤና ፈቃድ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ከተማ አይሠራም፤ ያው መኪና፣ ያው ሲንክ፣ በሁለተኛ ተቆጣጣሪ እንደ አዲስ ይፈተሻል። ቴክሳስ በ2025 ያጸደቀችው ሕግ የየአካባቢውን የጤና ፈቃድ በአንድ ክፍለ ግዛታዊ ፈቃድ ለመተካት ነው። ነጋዴው ደስ ብሎታል። የከተማ ጤና ቢሮዎች ጥያቄም ተገቢ ነው፦ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሩቅ ከሆነ፣ ቅዳሜ ማታ እጣቢ መንገድ ላይ ሲደፋ የሚደርሰው ማን ነው?

ወረፋው

ወረቀቶቹ ይከብዳሉ ከተባለ፣ ከራሳቸው ይልቅ ቅደም ተከተላቸው ይከብዳል። የጤና ቢሮው የኮሚሳሪ ውል ይጠይቃል፤ ኮሚሳሪው ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ ኢንሹራንሱ የተመዘገበ መኪና ይጠይቃል፤ መኪናው ደግሞ ከተቀየረ በኋላ አዲስ የተሽከርካሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። አዲሱ ባለቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ልቡ ከወደደው ነገር ነው፤ መኪናውን ይገዛል፣ ቀለም ይቀባል፣ ስም ያስጽፋል። ከዚያ ፕላኑን ለጤና ቢሮ ያስገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ሲንኩ አንድ ክፍል ጎድሎታል፣ ወለሉ የሚታጠብ አይደለም፣ ታንከሩ ያንሳል፣ የተሠራው ይፈርሳል። የፕላን ግምገማ የሚባለው ነገር የተፈለሰፈው ስህተቱ ብረት ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ እንዲገኝ ነው። መሄድ ያለበት ከሜኑው ወደ ቦታው፣ ከቦታው ወደ ኮሚሳሪው፣ ከዚያ ወደ ፕላኑ ነው። መኪናው መጨረሻ ቢመጣ ይሻላል።

ክብደቱንም ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው በጥቅሉ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ነው። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ምድጃው፣ ጀነሬተሩ፣ ሲሊንደሮቹና ሦስቱ ሠራተኞች ሲጨመሩ ሚዛን ላይ የወጣው መኪና ሹፌሩ የማይፈቀድለት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከተከፈተ በኋላ ያለው ፍተሻ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ነው። ለዚህም መኪናው የሚቆምበትን ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ በብዙ ቦታ ግዴታ ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ለቋሚ ምግብ ቤቶች ከ1998 ጀምሮ ይሰጥ የነበረውን የንጽሕና የፊደል ደረጃ (ኤ፣ ቢ፣ ሲ) በ2010 ለምግብ መኪኖችም አደረሰ። በእንግሊዝና በዌልስ ለንጽሕናው ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ በዌልስ ነጥቡን በሚታይ ቦታ መለጠፍ ከ2013 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው፣ በእንግሊዝ ግን በፈቃደኝነት ነው። ባለ 1 ነጥብ ነጋዴ በፈቃደኝነት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

ሥራው አልሆን ብሎት የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያ ላይ «ፈቃድ ያለው መኪና» ብሎ ይጽፋል። መስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ፈቃድ ግን በአብዛኛው የሻጩ ነው፤ ከስሙ፣ ከሜኑውና ከኮሚሳሪው ጋር የታሰረ ነው፣ መኪናው ሲሸጥ አብሮ አይሄድም። ገዢ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ የጸደቀው ፕላን ዋናው ቅጂ የት ነው? የመጨረሻው የፍተሻ ሪፖርት ምን ይላል? የእሳት ማጥፊያው ካርድ ላይ የተጻፈው ቀን መቼ ነው? ሻጩ ሲያመነታ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ታንከሮች ማየት ይቻላል።